በ300 ፓውንድ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰይፍ፦ ከምርጫ እስከ አፎት

መስከረም

ዕቅዱ ይህ ነው። በ1250 አካባቢ አንድ የአውሮፓ ፈረሰኛ ከወገቡ ይታጠቀው የነበረውን ዓይነት ሰይፍ መግዛት፣ የጎደለውንም በእጄ ማሟላት። ቅጂ መሆኑ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ አሠራሩ የዚያን ዘመን አሠራር መከተሉ ነው። በጀቴ 300 ፓውንድ ነው። ሰይፉ፣ ማጓጓዣው፣ የአፎቱ እንጨትና ቆዳ ሁሉ ከዚሁ ይወጣል።

እዚህ ለንደን ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን ሰይፍ ከ100 ፓውንድ በታች ሞልቷል። በሌላው ጫፍ ደግሞ እንደ አሜሪካው አልቢዮንና እንደ ጣሊያኑ ዴል ቲን ያሉ ስማቸው የታወቀ ሠሪዎች አሉ። የአልቢዮን ሥራ ያስቀናል፤ ዋጋው ግን በአብዛኛው ከ1000 ዶላር በላይ ነው። እኔ የማድነው በሁለቱ መካከል ያለውን ነው።

መነሻ እንዲሆነኝ የወሰድኩት በብሪቲሽ ሙዚየም ያለውን የዊተም ሰይፍ ነው። በ1825 በሊንከንሻየር ከዊተም ወንዝ ውስጥ የወጣ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰይፍ ሲሆን፣ በብረቱ ላይ በወርቅ ሽቦ የተለበጡ 18 ፊደላት አሉት። እስከ ዛሬ አጥጋቢ ንባብ ያገኘላቸው የለም። ፊደሎቹ የብዙዎችን ቀልብ ይስባሉ፤ እኔን የሳበኝ ግን ልኩ ነው። ርዝመቱ 96.4 ሴንቲ ሜትር፣ የእጅ መከታው ስፋት 16.5 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.2 ኪሎ ግራም። ያን ያህል ረጅም ብረት በአንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም! የመካከለኛው ዘመን ሰይፍ አሥር ኪሎ ይመዝናል፣ ለማንሳትም ጉልበተኛ ይጠይቃል የሚለው ወሬ እዚህ ቁጥር ላይ ያበቃል። ከዘመኑ የተረፉት የአንድ እጅ ሰይፎች አብዛኞቹ ከ1 እስከ 1.4 ኪሎ ግራም ባለው ውስጥ ናቸው።

ስለ ሕጉም ልጻፍ፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። በብሪታንያ ከ2008 ጀምሮ የብረቱ ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቆልማማ ሰይፍ መሸጥ ተከልክሏል፤ ከ100 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥንታዊ ዕቃ ወይም በባህላዊ ዘዴ በእጅ የተሠራ ካልሆነ በስተቀር። ስለዚህ የአገራችንን ጎራዴ ቅጂ መግዛት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ ጠባብ ነው። ቀጥ ያለ ባለ ሁለት ስለት ሰይፍ ግን ዕድሜው 18 የሞላ ሰው ገዝቶ ቤቱ ማስቀመጥ ይችላል። ያለ በቂ ምክንያት ይዞ አደባባይ መውጣት ወንጀል ነው። ሰይፉ ሲደርስም መልእክተኛው መታወቂያ ይጠይቃል።

ጥቅምት መጀመሪያ

ዓይነቱን መወሰን ነበረብኝ። ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት አመዳደብ እንግሊዛዊው ኢዋርት ኦክሾት በ1960 ያወጣው ነው። ከእርሱ በፊት ኖርዌያዊው ያን ፔተርሰን በ1919 የቫይኪንግ ሰይፎችን በእጀታቸው ቅርጽ 26 ቦታ ከፍሏቸው ነበር፤ የብሪታንያው አርኪኦሎጂስት ዊለር ወደ ሰባት አጠቃለላቸው፣ ኦክሾት ሁለት የመሸጋገሪያ ዓይነቶች ጨመረ፣ ከዚያም የራሱን ከ10 ጀምሮ እስከ 22 ቆጠረ። የኦክሾት ትልቁ ቁም ነገር መለኪያውን ከእጀታው ወደ ብረቱ ማዞሩ ነው። ብረቱ ምን ያህል ሰፊ ነው፣ ወደ ጫፉ እንዴት ይጠባል፣ በመሐሉ የሚወርደው ቦይ የት ድረስ ይደርሳል፣ ጫፉ ለመቁረጥ ነው ወይስ ለመውጋት የተሠራው? እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ ሰው የሻጭ ፎቶግራፍ አያታልለውም።

የእኔ ምርጫ 12ኛው ዓይነት ሆነ። ሰፊ፣ ቀስ እያለ የሚጠብ፣ ቦዩ የብረቱን ሁለት ሦስተኛ ያህል ተጉዞ የሚያበቃ፣ ለመቁረጥ የሚያደላ ነገር ግን መውጋትም የማያቅተው ሰይፍ ነው። የሰንሰለት ጥሩር ዘመን ሰይፍ ልንለው እንችላለን። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ሉህ ጥሩር እየተስፋፋ ሲመጣ 15ኛው ዓይነት ጎልቶ ወጣ፤ እርሱ ቦይ የለውም፣ መሐሉ ከፍ ብሎ ጫፉ እንደ ወስፌ የሾለ ነው፣ የጥሩሩን መጋጠሚያ ፈልጎ ለመግባት። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፤ በጀቱ ግን የሚበቃው ለአንድ ነው።

በነገራችን ላይ ቦዩ የደም መውረጃ አይደለም። ሥራው ክብደት መቀነስ ነው፤ ብረት ከመሐል ሲነሳ ሰይፉ ጥንካሬውን ሳያጣ ይቀላል።

ጥቅምት አጋማሽ

ርካሽ ሰይፍ ምን ይደብቃል? በዚህ ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ ብጽፍ ይሻላል፤ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና።

መጀመሪያ የብረቱ ዓይነት። የማይዝግ ብረት የሚል ካየሁ ገጹን እዘጋለሁ። ለወጥ ቤት ቢላዋ መልካም ነው፤ በሰይፍ ርዝመት ግን ይሰበራል፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚሰበረው እጀታው ሥር፣ የመቺውን ወይም የተመልካቹን ፊት በሚያገኝበት ሁኔታ ነው። የሚፈለገው የካርቦን አረብ ብረት ነው። ቁጥሩን ማንበብ ቀላል ነው፦ 1060 ማለት 0.60 በመቶ ካርቦን፣ 1075 ማለት 0.75 በመቶ። 5160 ክሮሚየም የተጨመረበት የሞላ (ስፕሪንግ) ብረት ነው፣ ማለትም የመኪና ባሌስትራ የሚሠራበት። የእንግሊዙ ኢ ኤን 45ም እንዲሁ የባሌስትራ ብረት ነው። ባሌስትራ ደግሞ ቢላዋና ማጭድ የሚቀጠቅጥ የአገራችን አንጥረኛ ሁሉ የሚያውቀውና የሚመርጠው ብረት ነው፤ ቢታጠፍ ይመለሳል፣ ቢመታ አይሰነጠቅም።

ብረቱ ደግ ቢሆን እንኳ በአግባቡ ካልጋለና ካልተነከረ ዋጋ የለውም። አግሎ ዘይት ውስጥ መንከር ያጠነክረዋል፤ ከዚያ በለዘብተኛ ሙቀት ዳግም ማሞቅ ተሰባሪነቱን ይቀንስለታል። ለሰይፍ በሮክዌል መለኪያ ከ48 እስከ 52 ያለው ጥንካሬ ጥሩ ነው። ሻጩ ይህን ቁጥር ካልጻፈ እጠይቃለሁ።

ሁለተኛው እጀታው ውስጥ የሚገባው የብረቱ ጭራ ነው። በጌጥ ሰይፎች ላይ ይህ ጭራ ከብረቱ ጋር በብየዳ የተያያዘ ቀጭን ዘንግ ነው፣ መጨረሻው ላይ በዳዶ የሚጠበቅ። አንድ ጊዜ በኃይል ሲወነጨፍ ብየዳው ይለቃል፣ ብረቱም ይበራል። በትክክለኛው ሰይፍ ጭራው የብረቱ አካል ነው፤ ሰፊ ሆኖ ይጀምራል፣ በእጀታው ውስጥ ያልፋል፣ በመጨረሻው ያለውን ከባድ ጉልላት በስቶ ይወጣል፣ ጫፉም ተቀጥቅጦ እንደ ምስማር ራስ ይጠፈጠፋል።

ሦስተኛውና ማንም ሻጭ በራሱ ፈቃድ የማይጽፈው የብረቱ ውፍረት ነው። የጥንቱን ሰይፍ ከጎን ብታዩት እጀታው አጠገብ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ይወፍርና እየሳሳ ሄዶ ጫፉ አካባቢ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። የ1.2 ኪሎ ምስጢር ይህ ነው። ርካሹ ሰይፍ ግን ወጥ ውፍረት ካለው ሉህ ይቆረጣል፤ 5 ሚሊ ሜትር ጀምሮ 5 ሚሊ ሜትር ይጨርሳል፣ ክብደቱም ሁሉ ወደ ጫፉ ይሄዳል። የብረቱ ዋጋ እኮ ብዙ ልዩነት የለውም። ዋጋው የሚወርደው ብረቱን ለማሳሳት የሚፈጀው የሞራጅ ሰዓት ሲቀነስ ነው።

ከዚህ በመነሳት ለራሴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ገንዘቤን ቤቴ ውስጥ ልሠራው በማልችለው ላይ አውላለሁ። ብረት ማጋልና ረጅም ብረትን በእኩል ማሳሳት አልችልም። እጀታ መቅረጽ፣ ቆዳ ማልበስ፣ አፎት መሥራት፣ ማለስለስ እችላለሁ። ስለዚህ እጀታው ያማረ ብረቱ የደደረ ሰይፍ ከዝርዝሬ ይወጣል፤ ብረቱ የሠመረ እጀታው ያልተዋበ ይገባል።

ጥቅምት መጨረሻ

ለሻጮች ሁሉ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላክሁ። የብረቱ ውፍረት በሦስት ቦታ ስንት ነው፦ መከታው አጠገብ፣ መሐሉ ላይ፣ ከጫፉ አምስት ሴንቲ ሜትር ሲቀር? ሚዛኑ ከመከታው ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ያርፋል? ጉልላቱ በዳዶ ነው የታሰረው ወይስ በተቀጠቀጠ ጭራ?

መልሱ ራሱ ማጣሪያ ሆነልኝ። አንዱ «ለውጊያ ዝግጁ ነው» ብሎ አቆመ፤ ይህ ቃል ምንም አይለካም። ሌላው ክብደቱን 1.9 ኪሎ ብሎ በኩራት ጻፈልኝ። ከህንድና ከቻይና የሚመጡት በዚህ ዋጋ ዋነኞቹ ናቸው፤ በህንድ ዴራዱንና ሚሩት የሰይፍና የጥሩር ቅጂ ሥራ የታወቀባቸው ከተሞች ናቸው፣ ደረጃው ግን ከሠሪ ሠሪ፣ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ይለያያል። ስለዚህ አገር አይመረጥም፣ ሞዴል ይመረጣል።

በመጨረሻ አንድ ሻጭ መጋዘኑ ሄዶ በካሊፐር ለክቶ ፎቶግራፍ ላከልኝ፦ 5.4፣ 3.9፣ 2.3 ሚሊ ሜትር። ብረቱ 1075፣ ክብደቱ 1.25 ኪሎ፣ ሚዛኑ 13 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ጭራው የተቀጠቀጠ። ዋጋው 198 ፓውንድ፣ ማጓጓዣው 14። የእጀታው ቆዳ የሚያስጠላ ቀይ ነበር፤ አዘዝኩት።

ኅዳር

ደረሰ። ከሳጥኑ እንደወጣ ዘይቱን ጠርጌ ለካሁት፤ ልኮቹ ሻጩ እንዳላቸው ናቸው። ርዝመቱ 95 ሴንቲ ሜትር፣ ከዊተሙ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያንሳል።

ብረቱን ወደ መስኮቱ አቅንቼ በአንድ ዓይኔ ተመለከትኩ፤ ቀጥ ያለ ነው። ጫፉን እንጨት ላይ አስደግፌ ገፋሁት፤ ጎበጠ፣ ስለቀው ሳይዘገይ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ቦዩ በሁለቱም ገጽ እኩል ያበቃል፣ ጠርዙ ግን ጥቂት ይዋዥቃል፤ ለዚህ ዋጋ እቀበለዋለሁ፣ የጥንቶቹም ቢሆኑ በሞራጅ እጅ የተሠሩ ናቸውና መስመራቸው እንደ ማሽን አይደለም።

እጀታው ሲጨበጥ ሁለት ነገር ያስታውቃል። አንደኛ ወፍራም ነው። ሁለተኛ ክብ ነው። ክብ እጀታ ስለቱ ወዴት እንደዞረ ለእጅ አይነግርም፤ ሞላላ እጀታ ግን ጨለማ ውስጥ እንኳ ይነግራል። የእጅ መከታው ላይ ደግሞ በጣት ሲመታ ስስ ዝዝታ ይሰማል።

ከኅዳር ሚካኤል ማግሥት

በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ የሠሩ አንድ አባት ለቡና መጥተው ሰይፉን አዩት። ገና ከሩቅ «ይህስ የሚካኤል ሰይፍ ይመስላል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን ላይ መልአኩ የሚመዘው ሰይፍ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ ነው።

«ጋሼ፣ ብረቱን እንዴት ያዩታል?»

«ሞረድ አምጣና ልንገርህ።»

ከመከታው ሥር፣ ለዓይን በማይታይ ቦታ ላይ ሞረዱን አንድ ጊዜ ብቻ ገፋ አደረጉት። ሞረዱ በግማሽ ያዘ፣ በግማሽ ተንሸራተተ። «ልል ቢሆን ይላጥልህ ነበር፤ ከመጠን በላይ የደረቀ ቢሆን ጨርሶ አይነካውም። ይኼ ውኃው ደህና ነው» አሉ። ከዚያም እጀታውን ላላ አድርገው ይዘው ጉልላቱን በመዳፋቸው መቱት። ብረቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከጫፉ ወደ ታች ሲሦው ገደማ ላይ ግን የማይንቀሳቀስ አንድ ቦታ ነበር። ሰይፍ ሲመታ እጅን የማያስደነግጠው በዚያ ቦታ ሲያርፍ ነው። እርሳቸው ይህን ያወቁት ከመዶሻና ከመጥረቢያ ነው፤ ሕጉ አንድ ነው።

ዝዝታውንም ሰሙ። «መከታው ውስጥ ክፍተት አለው፤ ሽብልቅ ይፈልጋል» ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

ታኅሣሥ

ሽብልቁ ቀላል ሥራ ነበር። ከመከታው ሥር በኩል፣ ጭራው በሚያልፍበት ቀዳዳ ውስጥ፣ እንደ ወረቀት የሳሳች የብረት ቁራጭ በትንሽ መዶሻ አስገባሁ። ጉልላቱ ላይ የተጠፈጠፈውን የጭራ ጫፍም ሰይፉን በእንጨትና በጨርቅ ጠቅልዬ ሞርሳ ላይ አስሬ ቀስ እያልኩ ቀጠቀጥኩት። ዝዝታው ጠፋ።

እጀታው ብዙ ምሽቶች ወሰደ። ጭራው ስለተቀጠቀጠ እጀታው አይፈታም፤ እዚያው እንዳለ ነው የሚሠራው። ቀዩን ቆዳ በስለት ሰንጥቄ አነሳሁ፤ ሥሩ ንጹሕ ደረቅ እንጨት አገኘሁ። በሻካራ ሞረድ ከሁለቱ ሰፋፊ ጎኖች ላይ ብቻ እያነሳሁ ወደ ሞላላ አመጣሁት፣ ወደ ጉልላቱ በኩል ደግሞ ጥቂት አጠበብኩት። በየመሐሉ ዓይኔን ጨፍኜ እይዘዋለሁ፣ ከዚያ ዓይኔን ገልጬ ስለቱ በጣቶቼ መገጣጠሚያ ትይዩ መሆኑን አያለሁ። እንጨቱ ሲያልቅ ሳይሆን እጄ ሲረካ አቆምኩ።

በላዩ ላይ ሰም የተቀባ የተልባ እግር ክር ከላይ እስከ ታች አጠገብ ለአጠገብ ጠመጠምኩ፤ ይህ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ያስረዋል። ከዚያ ስስ የፍየል ቆዳ። ቆዳውን ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ የሚገናኙትን ሁለት ጠርዞች ከውስጥ በኩል በምላጭ እስኪያስተላልፉ ድረስ ላግኋቸው፣ ኮላ ቀብቼ አለበስኩት፣ መጋጠሚያውንም በጠባቡ ጎን በኩል አደረግሁት። ኮላው ሳይደርቅ በላዩ ላይ ገመድ ጥብቅ አድርጌ ጠመጠምኩና አሳደርኩት። ጠዋት ገመዱ ሲፈታ ቆዳው ላይ የጥምጥሙ ዱካ ቀረ፤ ጣት የሚይዘው፣ ላብ የማያንሸራትተው እርከን። የመካከለኛው ዘመን እጀታዎች ላይ የሚታየውም ዱካ ይኸው ነው። መጋጠሚያው የት እንዳለ አሁን የሚያገኘው ጥፍር ብቻ ነው።

ጥር

ብረቱ ሲመጣ እንደ መስታወት ያብረቀርቅ ነበር። ይህን ብርሃን አልወደውም፤ የቦዩን ጠርዝ ይደብቃል፣ የእያንዳንዱን ጣት አሻራም ይይዛል። 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርሼ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልዬ ከመከታው ወደ ጫፍ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ጎተትኩ፤ ከዚያ በ600 ደገምኩት። ወዲያና ወዲህ መፈተግ ጭረቱን ያጠላልፈዋል። አሁን ብረቱ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ነው፣ ቦዩም በጥላው ተለይቶ ይታያል።

አፎቱን ከጥምቀት በኋላ ጀመርኩ። ከሰይፉ ጋር የመጣው ባዶ የቆዳ ከረጢት ነበር፣ ሰይፉን የማይደግፍ። የዘመኑ አፎት ውስጡ እንጨት ነው። የመረጥኩት ፖፕላር የሚባለውን ለስላሳ እንጨት ነው፤ ወይራ የመሰለ ጠንካራ እንጨት ያከብዳል፣ የእንግሊዙ ኦክ ደግሞ በውስጡ ያለው አሲድ ብረት ያዝጋል። ሁለት ስስ ሳንቃ ወስጄ ሰይፉን በላያቸው አስተኝቼ በእርሳስ ዙሪያውን ነደፍኩ፣ በመሮ የብረቱን ውፍረት ግማሽ ግማሽ ከየሳንቃው አወጣሁ። ብረቱ ስለሚሳሳ ጉድጓዱም መሳሳት አለበት፤ ካሊፐሩ የሰጠኝን ሦስት ቁጥሮች እንጨቱ ላይ ጽፌ እየተከተልኩ ቆፈርኩ። ውስጡን በስስ የበግ ሱፍ ለበጥኩት። በዘመኑ አንዳንዶቹ ጠጉሩ ያልተነሳ የበግ ቆዳ ያደርጉ ነበር፤ የሱፉ የተፈጥሮ ቅባት ብረቱን ከዝገት ይጠብቃል።

ሁለቱን ሳንቃዎች በኮላ ገጥሜ ከደረቀ በኋላ ውጩን በመላጊያ አሳሳሁት። እርጥብ ቆዳ አለበስኩት፣ ከኋላ በኩል በወስፌ እየበሳሁ ሰፋሁት። ሲደርቅ እንጨቱን ጨምድዶ ያዘው። ጫፉ ላይ ከነሐስ ሉህ የታጠፈ ቆብ አለ። አፎቱን ገልብጬ ስይዘው ሰይፉ አይወድቅም፤ በአውራ ጣት መከታውን ገፋ ሳደርገው ይለቃል።

የካቲት

ሒሳቡ፦ ሰይፉና ማጓጓዣው 212፣ እንጨት 12፣ ቆዳ 38፣ ክር፣ ሰምና ሱፍ 11፣ የነሐስ ሉህ 9፣ ብርጭቆ ወረቀትና ዘይት 10። ድምሩ 292 ፓውንድ። ክብደቱ ከእንጨቱ መላጥ በኋላ 1.23 ኪሎ ሆኗል።

የቀረው ቀበቶው ነው። በጀርመን ናውምቡርግ ካቴድራል በ1250 አካባቢ የተቀረጹት የመሥራቾቹ ሐውልቶች ላይ የአፎቱ ማሰሪያ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በ1275 የሞተው የካስቲል ልዑል ፈርናንዶ ዴ ላ ሴርዳም በስፔን ቡርጎስ፣ ላስ ዌልጋስ ገዳም፣ ከነሰይፉና ከነቀበቶው ተቀብሮ ተገኝቷል። በሐውልቶቹ ዘመን ልማድ ቀበቶው ሁለት ቁራጭ ነው፤ የአንዱ ጫፍ ወደ ቀጫጭን ጠፍሮች ይሰነጠቅና በአፎቱ ቆዳ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተሸመነ ከሌላው ጋር ይያያዛል፤ አፎቱም ሲታጠቁት ወደ ኋላ አዘንብሎ ይንጠለጠላል፣ እግር አያደናቅፍም። ጠፍሮቹን መጀመሪያ በወረቀት ቆርጬ እሞክራቸዋለሁ፤ ቆዳውን የምገዛው ማዘንበሉ ከተስተካከለ በኋላ ነው።